በ«ትልቅ ስክሪን» ዋጋ ትንሽ ምስል፦ «ዱን ክፍል ሁለት»ን እንዲህ እንዳትገዙ

ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው። ትላንት «ዱን ክፍል ሁለት» የተባለውን ፊልም ሲኒማ አዳራሽ ገብተን አየን። የአዳራሹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ግድግዳ የሚያክል ፖስተር ይሰቅላል፤ ከሥሩ «በአይማክስ ካሜራ የተቀረጸ» ብሎ በደማቁ ይጽፋል፤ ትኬቱ ላይ ደግሞ «ፕሪሚየም ትልቅ ስክሪን» ይላል። ዋጋው ከተራው አዳራሽ ከፍ ያለ ነው። ልብ በሉ፣ አንዲትም ውሸት አልጻፈም። ፊልሙ በእርግጥም አይማክስ (በግዙፍ ስክሪኖቹ የሚታወቀው የሲኒማ ኩባንያ) ባጸደቃቸው፣ «አሪ» የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ዲጂታል ካሜራዎች ነው የተቀረጸው። አዳራሹ ግን የአይማክስ አዳራሽ አይደለም፤ ነው ብሎም አልጻፈም። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሰቅሎ ቀሪውን እኛው በጭንቅላታችን እንድንሞላው ተወልን። እኛም ሞላንለት። ስለ ምስል ምጣኔ (ወርዱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር) እና ስለ ፕሮጀክተር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንኳ ካሽ መስኮት ላይ «ስክሪናችሁ ስንት በስንት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አውጥቶ ሰጠ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

ማስታወቂያውና ትሬለሩ ሲታይ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ይሄንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከጨለማው ውስጥ ያ ጎርናና ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማው በረሃ ተገለጠ። ከላይ ጥቁር መደብ፣ ከታች ጥቁር መደብ፣ መሃል ላይ እንደ መቀነት የተዘረጋ ምስል። ከፊት ረድፍ አንዱ ለጓደኛው «ቆይ፣ አሁን ይከፈታል» ሲል ይሰማል። አልተከፈተም። የሃርኮነን፣ የፊልሙ ጨካኝ ገዥ ቤተሰብ፣ ወታደሮች በአሸዋው መሃል ቀጥ ብሎ የቆመውን አለት ተጠግተው ወደ ላይ መንሳፈፍ ጀመሩ። የዚህ ትዕይንት ነፍሱ ከፍታው ነው፤ ሰው ያለ ገመድ፣ ያለ ክንፍ፣ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ። የተመልካቹ አንገት አብሯቸው ቀና ይላል፣ ዓይን ግን ጥቁሩ መደብ ጋ ሲደርስ ግድግዳ ይገጨዋል። ከመደቡ በላይ ባዶ ስክሪን አለ፤ ከፍለንበታል፣ ምንም አይታይበትም። ያቺን ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያወቃት ይመስለኛል፤ ከየረድፉ «እህ» የሚል ድምፅ ወጣ።

ምን እንደተደረገ ልንገራችሁ። ዲጂታል ፊልም ወደ አዳራሽ የሚላከው በሁለት ዋና ቅርጽ ነው። «ፍላት» የሚባለው ወርዱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ ነው፤ «ስኮፕ» የሚባለው 2.39 እጥፍ። የአይማክስ አዳራሾች ከነዚህ የተለየ ቅጂ ይደርሳቸዋል፤ አብዛኞቹ በ1.90፣ በጣት የሚቆጠሩት ባለ ረጅም ስክሪኖች ደግሞ በ1.43። ወርዱን እኩል አድርጋችሁ ብታስቡት፣ የ1.90 ምስል ከስኮፕ 26 በመቶ የበለጠ ቁመት አለው። ከ1.43 ጋር ሲተያይ ደግሞ ስኮፑ የሚይዘው ከቁመቱ 60 በመቶውን ብቻ ነው። የትላንቱ አዳራሽ የደረሰው ተራው ስኮፕ ነው፤ ማንኛውም ሰፈር ውስጥ ያለ አዳራሽ የሚያሳየው ያው ቅጂ። በዚያ ላይ ስክሪኑ 1.85 ሆኖ ተሠርቷል። ስኮፕ ምስል እዚያ ላይ ሲያርፍ ከስክሪኑ ቁመት 77 በመቶውን ብቻ ይሞላል። ስክሪኑ 10 ሜትር ቁመት ካለው ወደ 2.3 ሜትር የሚጠጋው ጨለማ ነው ማለት ነው። ትሬለሩ ጢም ብሎ የሞላው ለምን ነበር? እሱ ፍላት ስለነበረ። «ትልቁ ስክሪን» ትልቅ የሆነው ለማስታወቂያ ነው፤ ለፊልሙ ስክሪኑ ይጠባል።

ደግ አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጥቁር መጋረጃውን ከላይና ከታች አውርዶ ምስሉን ጥርት ባለ ጠርዝ ያቅፈው ነበር። መጋረጃው የለም። ተነቅሏል ወይም ከመጀመሪያውም አልተገጠመም። ስለዚህ መደቡ ጥቁር ሳይሆን አመድማ ግራጫ ሆኖ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ያፈጥብናል።

ለፍትሕ ያህል፦ ስኮፑ ራሱ ስህተት አይደለም። ዳይሬክተሩ ያጸደቀው ቅጂ ነው፤ በደንብ በተያዘ ተራ አዳራሽ ውስጥ ያምራል። ስህተቱ ስኮፕን በአይማክስ ወሬ አጅቦ በፕሪሚየም ዋጋ መሸጡ ነው።

ከቅርጹ የባሰው ብርሃኑ ነው። ነጭ ምስል ስክሪን ላይ ሊኖረው የሚገባው የብርሃን መጠን 14 ፉት-ላምበርት ነው፤ በሌላኛው መለኪያ 48 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር። ያየነው የዚያን ግማሽ እንኳ አይመስልም። እዚህ አዳራሽ ከኛ በፊት የነበረው ፊልም ባለ ሦስት ገጽታ፣ በመነጽር የሚታይ ነበር። ዞር ብዬ የማሽን ክፍሏን መስኮት ሳይ ከመስኮቱ የሚወጣው ብርሃን አንድ አይደለም፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ሁለት ጨረሮች ናቸው። በቆዩት የሶኒ ፕሮጀክተሮች ይህ ምልክት አያሳስትም። ለመነጽሩ ፊልም ፕሮጀክተሩ ላይ የተገጠመው ሌንስ ሳይወልቅ ቀርቷል ማለት ነው። ያ ሌንስ ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ በፊልተር ያጣራዋል፤ መነጽር በሌለበት ተራ ፊልም ላይ ሲረሳ የሚገባንን ብርሃን ትልቁን ድርሻ ይበላዋል። ለምን አይቀይሩትም? ሌንሱን አውልቆ ሌላ መግጠምና ማስተካከል ጊዜና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በትዕይንትና በትዕይንት መካከል ያለችው ጊዜ ደግሞ ፈንዲሻ ለመጥረግ ብቻ ነው የምትበቃው። የማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰው ስለሌለም የሚያይ የለም። ሁሉም ነገር ከታች በኮምፒውተር በሰዓቱ ይነሳል።

ጉዳቱ የት እንደሚብስ ላሳያችሁ። ፈይድ-ራውታ፣ የሃርኮነኖቹ ወጣት ተዋጊ፣ በመድረኩ የሚዋጋበትን ትዕይንት አስቡ። በጥቁር ፀሐይ ሥር፣ ሰውን ሁሉ አጥንት ያስመሰለው ያ ጥቁርና ነጭ ዓለም የተቀረጸው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ዓይን በማያየው ብርሃን። ለዚህ ነው ቆዳ እንደ ኖራ የሚነጣው፣ ሰማዩ የሚጠቁረው። ሙሉ ኃይሉ ያለው በነጩና በጥቁሩ ርቀት ላይ ነው። ትላንት ግን ነጩ የታጠበ አሮጌ ሸማ መሰለ፣ ጥቁሩም የመውጫ በሩ መብራት እየፈሰሰበት ጭጋግ ሆነ። ከኋላ አንዲት ሴት «ይሄ ክፍል ቀለሙ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለች። አልተሳሳተችም፣ የሠሩት ሰዎች ግን አይደሉም ያበላሹት።

ድምፁንም አልማሩትም። የአዳራሽ ድምፅ ማዘዣ ላይ 7 የሚለው ቁጥር መሠረቱ ነው፤ ፊልሙ ሲደባለቅ ባለሙያዎቹ የሰሙበት ከፍታ። ብዙ አዳራሾች ማስታወቂያው ጮኸ የሚል ቅሬታ ስለሚመጣባቸው 5 ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች አውርደው ይተዉታል፤ ማስታወቂያው ሲያልቅም መልሶ የሚያነሳው የለም። ከ7 ወደ 5 መውረድ ማለት ወደ 7 ዴሲቤል የሚጠጋ መቀነስ ነው። ሹክሹክታው ይሞታል፤ ወፍራሙ ሙዚቃ ግን ጨርሶ አይሞትም፣ ወንበሩን መነቅነቁን ይቀጥላል። ንግግሩ ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የመሃል ስፒከር ነው የሚመጣው፤ የሱ የቀጭን ድምፅ ክፍል ከተቃጠለ ደግሞ ሰው ሁሉ ትራስ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። ትላንት ሁለቱም ሳይኖሩበት አልቀሩም። ይሄ እንግዲህ በ2025ቱ ኦስካር የምርጥ ድምፅ ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው።

ሃያኛው ደቂቃ ላይ ሦስት ሰው ተነስተን ለማማረር ወጣ አልን። ተቆጣጣሪው ስልኩን እየነካካ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል «ፊልሙ ነው ጨለማ፣ ዳይሬክተሩ እንዲያ ነው የሠራው» አለን። ሌንሱን ብንነግረው «እናንተ ቴክኒሻን ናችሁ?» አለ። ምጣኔውን ብንጠይቀው «በአይማክስ ካሜራ የተቀረጸ ነው እኮ፣ ማንበብ አትችሉም?» ብሎ ፖስተሩን በአገጩ ጠቆመን። ቀጥሎ የመጣችው መልስ በየትም ያለች ናት፦ «ሌላ ሰው አላማረረም።» አልጠፋም የሚያማርር። በፊልሙ ላይ ነው የሚያማርረው እንጂ።

ከሁሉ የሚከፋኝም ይሄ ነው። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ የሚለውን ሰማን፦ «ጨለማ ነው»፣ «ንግግሩ አይሰማም»፣ «ያን ያህል ያወሩለት ምኑ ነው?» ይሄ ሁሉ የአዳራሹ ጥፋት ነው፣ የሚጻፈው ግን በፊልሙ ስም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው የሚከራከርበት ቁም ነገር ሞልቷል (ያላያችሁ ይቺን አንቀጽ ዝለሉ)። በ1965 በወጣው ልቦለድ ዓመታት ያልፋሉ፤ የዋናው ጀግና የጳውሎስ እህት አሊያ ተወልዳ ባሮኑን፣ የሃርኮነኖቹን አለቃ፣ በእጇ ትገድላለች። ፊልሙ ያንን ሁሉ እናቷ እርጉዝ ሳለች ባለችው ጊዜ ውስጥ ጨመቀው፤ ባሮኑንም ጳውሎስ ገደለው። የጳውሎስ ፍቅረኛ ቻኒ በመጽሐፉ ከጎኑ ትቆያለች፣ በፊልሙ ግን ጥላው ትሄዳለች። ይሄ ትክክል ነው አይደለም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ መሟገት ያስደስታል። የቻኒን የመጨረሻ ፊት በቅጡ ያላየ፣ የተናገረችውን በቅጡ ያልሰማ ሰው ግን በምን አፉ ይሟገት? ፍሬመኖቹ፣ የበረሃው ነዋሪዎች፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲነጋገሩ ከታች የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ ሳይቀር ትላንት ደብዝዞ ነበር።

ምክሩ አጭር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት «የምታሳዩት ቅጂ ስኮፕ ነው ወይስ የአይማክስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ስለ ካሜራው ከሆነ ተመለሱ። ቶሎ ካልወጣችሁ ገንዘብ ላይመልሱ ይችላሉ፤ የትኬቱን ቁራጭ አትጣሉ። ተደራርበው የሚወጡ ሁለት ጨረሮች ካያችሁ ያኔውኑ ተናገሩ፣ ሌንሱ ትዕይንቱ ቆሞም ቢሆን ሊወልቅ ይችላል። ገንዘብ በመመለስ ፈንታ ኩፖን ሲዘረጉላችሁ ጀርባውን አንብቡ። ለኛ የሰጡን ኩፖን የሚያገለግለው በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ስክሪን ላይ ብቻ ነው።