ኒዮ-6ኤም የጂፒኤስ ተቀባይ፦ ለሳተላይት ታዛቢ እንደ ሰዓት ሲፈተሽ

በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞር ሳተላይት በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በሁለት ኮከቦች መካከል ሲያልፍ የመዘገብነው ሰዓት በሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢዛባ፣ ሳተላይቱን ከነበረበት ቦታ 770 ሜትር አርቀን አስቀመጥነው ማለት ነው። የስልኬን ሰዓት ማመን ትቼ ይህን ተቀባይ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ለወራት ከተጠቀምሁበት በኋላ በውሳኔዬ ደስተኛ ነኝ።

የመሣሪያው ትልቁ ሀብት በእያንዳንዱ ሰከንድ መባቻ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምት ነው። አምራቹ ለምቱ የሚሰጠው ትክክለኛነት 30 ናኖ ሰከንድ (30 ቢሊዮንኛ የሰከንድ) ነው፤ ዓይን አይቶ ጣት ቁልፉን እስኪጫን የሰከንድ ሩብ ያህል እንደሚያልፍ ለሚያውቅ ታዛቢ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ተቀባዩ በጽሑፍ የሚልከውን ሰዓት እንደ ምቱ አድርጎ በመውሰዱ ነው። ጽሑፉ በተለመደው በሰከንድ የ9600 ቢት ፍጥነት ሲላክ አንዱ ፊደል አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ ጥቂት መቶ ፊደላት ያሉት መልእክት ተሟልቶ ኮምፒውተሩ ዘንድ እስኪደርስ የሰከንድ ሲሶ ወይም ግማሽ ያልፋል። የትኛው ሰከንድ እንደሆነ ከጽሑፉ፣ ሰከንዱ የጀመረበትን ቅጽበት ደግሞ ከምቱ መውሰድ ይገባል።

ቅር ያሰኘኝ ተቀባዩ የተገጠመበት ሠሌዳ ነው። ሽቦ የሚያያዝባቸው እግሮቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለጽሑፍ። ምቱ የሚታወቀው በየሰከንዱ ብልጭ በምትል ትንሽ መብራት ብቻ ስለሆነ፣ ከመብራቷ አጠገብ ካለችው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መገደቢያ) ላይ ቀጭን ሽቦ ለመበየድ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ሌላው ትዕግሥት የሚጠይቀው ነገር የጂፒኤስ ሰዓት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) በ18 ሰከንድ ይቀድማል፤ ልዩነቱን የሚናገረው ክፍል ደግሞ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚልኩት፣ 12 ደቂቃ ተኩል በሚፈጀው ሙሉ መልእክት ውስጥ ስለሚመጣ፣ ጠፍቶ የቆየ ተቀባይ መጀመሪያ ላይ በሰከንዶች የተዛባ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። በመጀመሪያው ምሽት ይህን ሳላውቅ ቸኩዬ የመዘገብሁትን ሁሉ ለመሰረዝ ተገድጃለሁ። አሁን ምልከታ ከመጀመሬ 20 ደቂቃ ቀደም ብዬ ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ ሰማይ በሚያይበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ።

ለእኛ አገር ታዛቢ የሚሰጠው አንድ እፎይታም አለ። ሰዓቱን በቀጥታ በዩቲሲ ስለሚጽፍ፣ ከምሽቱ 1፡20 ያየነውን 16፡20 ብሎ ለመመዝገብ በጨለማ ውስጥ ስናሰላ ከምንሠራው ስሕተት ያድነናል።

ብየዳ የማይችል ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሠሌዳውን እግሮች ይቁጠር፤ ለምቱ የተለየ አምስተኛ እግር ያለውን ሠሌዳ ይጠይቅ።