ዝዋይ ወይስ አዋሽ? ጅማ ላይ ወይን ለሚገዛ

ባለፈው ፋሲካ አማቴ ቤት ድራይ አካሲያ የሚባል ወይን ይዤ ሄድኩ። በእኔ ቤት አራዳ መሆኔ ነው። እማማ አንዴ ቀመሱና ፊታቸውን ቋጠሩ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ኮምጥጧል እንዴ?» አልኮመጠጠም። ጣፋጭነት የሌለው ወይን ስለሆነ ነው። የዶሮው በርበሬ ደግሞ ይባስ አከረረው።

ጅማ ግሮሰሪ ውስጥ የአገር ውስጥ ወይን ስትጠይቁ በአብዛኛው የሚወጣላችሁ ከሁለት ቤት ነው። አዋሽ ወይም የዝዋዩ ካስትል።

የዝዋዩን እንይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የያዘው የፈረንሳዩ ካስትል ነው የተከለው። ወይኑ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ቦታው ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አፈሩ አሸዋማ፣ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጉማሬ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል። (የእኛ ቡና ጠላት ጦጣ ነው፣ የእነሱ ጉማሬ!) ሪፍት ቫሊ የሚለው ጠርሙስ ላይ የወይኑ ዝርያ ተጽፏል፦ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ነጩ ሻርዶኔ። ወይን ለመደ ሰው ስጦታ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ለጥብስ እኔ ሲራን እመርጣለሁ። ሻርዶኔው በደንብ ቀዝቅዞ ከግልገል ጊቤ ዓሣ ጋር ሲሆን ሌላ ነው። የዚሁ ቤት አካሲያ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ግን ድራይም ሚዲየም ስዊትም ስላለው ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። እኔ አላነበብኩም።

አዋሽ አንጋፋው ነው። ጉደር የሚባለው ወይኑ ስሙን ያገኘው አምቦ አጠገብ ካለችው ከተማ ነው። ቀይ ነው፤ ብዙም አይጣፍጥም። ኮካ ቀላቅሎ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አልወደውም፣ ግን ማንም ላይ አልፈርድም። አክሱማይት ጣፋጩ ነው። ቅመም የበዛበት ወጥ ካለ፣ ወይም እንግዶቹ ወይን ያለመዱ ከሆኑ፣ ከዝዋይ ውድ ጠርሙስ እሱ ይሻላል። ጣፋጭነቱ የበርበሬውን ቃጠሎ ያበርደዋል። ለገና እሱን ይዤ ሄድኩ፤ እማማ በአምቦ ውሃ አድርገው ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ነጭ ለሚፈልግ ከሚላ አለ።

በጫካ ማር የተጣለ የሰፈር ጠጅ ካገኛችሁ ግን፣ ለሽማግሌዎች ሁለቱንም ተዉአቸው።

ሱቅ ስትገቡ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረውን አትግዙ። አንዴ ከዚያ ያነሳሁት ጠርሙስ ወረቀቱ ነጥቶ ነበር፤ ስከፍተው ቡሹ ደርቆ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ከጓዳ ወይም ከካርቶኑ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።