ሲኤንሲው ላይ ሌዘር ልግጠም ወይስ ለብቻው ልግዛ?

«ትንሽ ሲኤንሲ አለኝ። ሌዘር ልጨምርበት ወይስ የሌዘር ማሽን ለብቻው ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ ተቋርጦ አያውቅም። ሲኤንሲ ማለት በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨትና መሰል ነገር የሚፍቅ ማሽን ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። ማሽኑ አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ቦርዱ አለ፤ የቀረው ሌዘሩን መሰካት ነው። «ግጠማ፣ ምን ችግር አለው!» እንድለው ይጠብቃል። እኔ ግን አልለውም። ለብቻው ግዛ ባይ ነኝ። ሐሳቤን የምቀይርበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የማወራው ስለ 3018 እና መሰሎቹ ነው። የሥራ ሜዳቸው 300 በ180 ሚሊሜትር፣ በብሎን ዘንግ የሚሄዱ፣ ግርብል በሚባል የቦርዱ ሶፍትዌር የሚታዘዙ የጠረጴዛ ማሽኖች። ሌዘር ስል ደግሞ ሰማያዊውን የዳዮድ ሌዘር ነው፤ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን።

ገንዘቡ የሚሄደው የት ነው?

ሌዘር ማሽን ላይ ውዱ ነገር ጭንቅላቱ ነው። ብርሃኑን የሚያወጣው ዳዮድም፣ ሌንሱም፣ ዳዮዱን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ድራይቨርም፣ ፋኑም እዚያ ናቸው። የቀረው የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ሁለት ሦስት ሞተር፣ ቺንጋ እና አንድ ቦርድ ነው። እነዚህ ርካሽ ናቸው። ስለዚህ የ10 ዋት ጭንቅላት (ሻጮች ሞጁል ይሉታል) ለብቻው ስንት እንደሚሸጥ እዩ፤ ከዚያ ያንኑ ጭንቅላት የተገጠመለትን ሙሉ ማሽን ዋጋ እዩ። ሞጁሉ ብቻውን የሙሉውን ማሽን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። «ማሽኑ ስላለኝ ግማሹን አተረፍኩ» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ደግሞ ሞጁሉን ብቻ ገዝቶ የተገላገለ ሰው አላየሁም። የ3018 መያዣ ለክብ ስፒንድል፣ ማለትም ፑንታውን ለሚያሽከረክረው ሞተር፣ የተሠራ ነው፤ ሞጁሉ አራት ማዕዘን ነው፤ ማቀፊያ ያስፈልጋል። ማሽኑ በ24 ቮልት ይሠራል፤ ብዙ ሞጁሎች 12 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ቮልት መቀነሻ ወይም ሌላ አዳፕተር ያስፈልጋል። የቦርዱና የሞጁሉ መሰኪያ ካልገጠመ ኬብል ይሠራል። መነጽር አለ። የአየር ፓምፕ አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ወረቀት ላይ ጻፉና ደምሩት። ድምሩ ለብቻው ከሚሸጠው ማሽን ዋጋ ጋር ተቀራርቦ ታገኙታላችሁ፤ የማጓጓዣው ተለያይቶ ከመጣማ ሊበልጥም ይችላል።

በዚያ ላይ የምታገኙት ሜዳ አይመጣጠንም። ለብቻቸው የሚሸጡት አብዛኞቹ 400 በ400 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው። ይህ ከ3018 ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሌዘሩን ከስፒንድሉ ጎን ካንጠለጠላችሁት ደግሞ ሁለቱ የተራራቁበትን ያህል ከሜዳው ጠርዝ ላይ ይቀነስባችኋል። ከ180 ሚሊሜትር ላይ 50 ሚሊሜትር ማጣት ቀልድ አይደለም።

የፍጥነት ነገር

የ3018 የብሎን ዘንግ ለመፋቅ ነው የተፈጠረው። ጉልበት አለው፣ ቀስ ይላል። ሌዘር ጉልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሩጫ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ እንጨት ላይ ልትቀርጹ ነው። መስመሮቹ በ0.1 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። 1,000 መስመር ይሆናል፤ እያንዳንዱ 100 ሚሊሜትር። ጭንቅላቱ 100 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። 3018 በደቂቃ 1,000 ሚሊሜትር ቢሄድ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለብቻው የሚሸጠው የቺንጋ ማሽን በደቂቃ 6,000 ሲሄድ ያንኑ በ17 ደቂቃ ግድም ይጨርሳል። በየመስመሩ ጫፍ ቆሞ ሲመለስ የሚባክነው ጊዜ ከሁለቱም ላይ አልተቆጠረም፤ ከተቆጠረ ብሎኑ ይብስበታል። መቶ ደቂቃ ማለት ደግሞ መቶ ደቂቃ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ሌዘር እያቃጠለ ትቶ መውጣት የለም።

ብሎኑን የያዘው ዳዶ ትንሽ ላላ ካለ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሌዘሩ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚያቃጥል፣ የሄደበትና የተመለሰበት መስመር አይገጥሙም። የፊደሎች ጠርዝ ድርብ ይሆናል። ስትፍቁበት ያልታያችሁ ልቅነት ሌዘር ላይ ያፈጥባችኋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አቃጥል ማለት ይቻላል፤ ያኔ ግን መቶው ደቂቃ ሁለት መቶ ሊጠጋ ነው።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ የገንዘብ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። በ1,000 ፍጥነት ለሚሄድ ማሽን እንጨት ለማጥቆር እውነተኛ 5 ዋት በቂ ነው፤ ሙሉ ኃይሉንም አትጠቀሙም። 20 ዋት ብትገጥሙለት ኃይሉን ቀንሳችሁ ቀንሳችሁ ነው የምትሠሩት። ለ20 ከፍላችሁ በ4 እና በ5 መሥራት! ትልቅ ዋት 3018 ላይ ትርጉም የሚኖረው ለመቁረጥ ነው፤ መቁረጥ ድሮም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ብሎኑ አይጎዳውም። 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 5 ዋት ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ይቆርጠዋል፤ 10 ዋት አየር እየተነፋለት በአንድ ወይም በሁለት ዙር ይወጣዋል።

«80 ዋት» እና ሌሎች ተረቶች

አንድ ወዳጄ «80 ዋት» የተጻፈበት ሞጁል ገዛ። ዋጋው የሌላውን 10 ዋት ግማሽ ነበር። አብሮት የመጣውን አዳፕተር ገልብጠን አየነው፦ 12 ቮልት፣ 5 አምፔር። ሲባዛ 60 ዋት። ከሶኬት ወስዶ 60 ዋት ብቻ የሚሰጥ አዳፕተር ይዞ 80 ዋት ብርሃን ማውጣት እንዴት ነው? ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈታነው። ውስጡ አንዲት ዳዮድ ቁጭ ብላለች።

ዳዮድ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚቀይረው ከሩብ እስከ ሲሶ ግድም ነው። የቀረው ሙቀት ነው፤ ፋኑና ክንፋሙ አሉሚኒየም የተቀመጡት ለዚህ ነው። አንዲት ሰማያዊ ዳዮድ ከ5 እስከ 6 ዋት አካባቢ ትሰጣለች። 10 ዋት የሚባለው ሁለት ዳዮድ አጣምሮ ነው፣ 20 ዋት አራት፣ 40 ዋት ስምንት። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ መፈለግ ያለባችሁ የብርሃን ዋት ነው። «የኤሌክትሪክ ኃይል» ወይም «የሌዘር ኃይል» ብሎ አድበስብሶ የሚያልፍ ሻጭ ካያችሁ የአዳፕተሩን ቁጥር ጠይቁ። እውነተኛ 20 ዋት 100 ዋት አካባቢ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። 12 ቮልት 3 አምፔር ይዞ ከመጣ 20 አይደለም፤ አለቀ።

ዋጋን ሁሌ በእውነተኛው ዋት አካፍሉ። ወዳጄ በ80 ሲያካፍለው በነጻ የተሰጠው መስሎት ነበር። በ5 ሲያካፍለው ከሐቀኛው 10 ዋት ምንም ያተረፈው የለም።

ሽቦውንም ቁጠሩ። ሦስት ሽቦ ያለው ሞጁል ለመብራቱ አዎንታዊና አሉታዊ፣ ለትእዛዙ ደግሞ ሦስተኛ ሽቦ አለው። ፋኑ ሁሌ ይዞራል፤ የብርሃኑ ኃይል በትእዛዙ ሽቦ ይወጣል ይወርዳል። ሁለት ሽቦ ያለው ፎርጅድ ግን ከስፒንድሉ መውጫ ላይ ይሰካል፤ ኃይሉ ሲቀንስ ፋኑም አብሮ ይደክማል። ዳዮድ ደግሞ የሚገድለው ሙቀት ነው።

ሲበላሽ

የተበላሸ ሞጁል ሲያመጡልኝ ቅሬታው አንድ ነው፦ «ያበራል፣ ግን አያቃጥልም።» መጀመሪያ ሌንሱ ይታያል። ከፊት ያለችውን የናስ ቀለበት ስትፈቱ ከኋላዋ ትንሽ ስፕሪንግ አለች፤ ተወርውራ እንዳትጠፋ እጃችሁን ከሥር አድርጉ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ብታዞሩት መሐሉ ላይ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ክብ ታያላችሁ። የእንጨቱ ጭስ ነው። ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቦ በቀስታ መጥረግ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል። ሌንሱ ከተቃጠለም ርካሽ ነው።

ከተጠረገ በኋላም ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ መብራት ብቻ ከሆነ ዳዮዱ ሞቷል። ዳዮዱ ብረት ውስጥ ተጠቅጥቆ የተገጠመ ነው፤ ማውጣቱ ሥራ ነው፣ የአዲሱ ዳዮድ ዋጋም የሞጁሉን ዋጋ አብዛኛውን ይበላል። ለጥገና አያዋጣም። የሚያዋጣው ፋን መቀየር ነው።

ሲኤንሲ ላይ የተገጠመ ሌዘር ቶሎ የሚሞተው ለምንድነው? ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። ማሽኑ አሁንም መፋቂያ ነው። የኤምዲኤፍ ብናኝ ፋኑ ውስጥ ይገባል፣ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል፤ ሌዘሩ ሲበራ ያ ብናኝ እዚያው ይቃጠላል። ከአልጋው ክፍተቶች ያልተጠረገው ሰጋቱራ ደግሞ እሳት ለመያዝ ብልጭታ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ በምትፍቁበት ጊዜ ሌዘሩን መፍታት አለባችሁ። መፍታትና መግጠሙ ሌላ አደጋ አለው፦ ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ ሶኬቱን መንቀል ዳዮድ ይገድላል። መጀመሪያ ማሽኑ ይጥፋ፣ ከዚያ ይነቀል።

ቅንብሩንም በየጊዜው መቀየር አለ። በግርብል የሌዘር ሁነታን የሚያበራው ቅንብር $32 ነው፤ ለሌዘር $32=1 ይደረጋል፤ ወደ ስፒንድል ስትመለሱ $32=0። ይህን መመለስ የረሳ ሰው ፑንታ ይሰብራል። ማሽኑ ባዶውን በፈጠነ ቁጥር ስፒንድሉን ያጠፋዋል፤ ቀጥሎ ፑንታው በቅጡ መሽከርከር ሳይጀምር እንጨት ውስጥ ይገባል። ሌዘሩን ለማብራት ከኤም3 ትእዛዝ ይልቅ ኤም4ን ተጠቀሙ፤ ማሽኑ ጥግ ላይ ቀስ ሲል ኃይሉንም ስለሚቀንስ ጥጉ ከልክ በላይ አያርም። ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታውጡ፤ ሌዘርግርብል በነጻ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል። ላይትበርን ይሻላል፣ ግን ይከፈልበታል፤ መሞከሪያ ጊዜውን ተጠቅማችሁ ወስኑ።

ማትረፍ የሌለባችሁ ነገር መነጽር ነው። አብሮ የሚመጣው አረንጓዴ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ምንም ቁጥር የለበትም። የምትገዙት ላይ 450 ናኖሜትርን የሚያካትት የሞገድ ርዝመትና ቢያንስ ኦዲ 5 (ኦዲ መነጽሩ ጨረሩን የሚያግድበት መጠን ነው) ተጽፎ መታየት አለበት። የ3018 አልጋ አሉሚኒየም ነው፣ ማሰሪያዎቹም ብረት ናቸው፤ ጨረሩን መልሰው ይረጫሉ። ፒቪሲ ደግሞ ፈጽሞ አታቃጥሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽንንም ይበላል።

ግልጽ አክሪሊክ መቁረጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህ ሁሉ ክርክር አይመለከታችሁም። ሰማያዊ ብርሃን እንደ መስኮት ያልፈዋል። ለእሱ ኬ40ን የመሰለ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው፤ የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ከፍተኛ ቮልት፣ ሳይሠራም የሚያረጅ ቱቦ ያለው። ሌላ ዓለም ነው።

እንግዲህ ግጠሙ የምለው መቼ ነው? በፋቃችሁት ሥራ ላይ፣ ከማሰሪያው ሳታወጡት፣ ስም ወይም ምልክት ማቃጠል ስትፈልጉ። ዕቃው ስላልተነቃነቀ መነሻ ነጥቡ ያው ነው፤ በስፒንድሉና በሌዘሩ መካከል ያለውን ርቀት አንዴ ለክታችሁ ካስገባችሁ ጽሑፉ በተፋቀው መሐል ልክ ይቀመጣል። ለብቻው የተገዛ ማሽን ላይ ይህን ማስተካከል ራስ ምታት ነው። ሥራችሁ ይህ ከሆነ እውነተኛ 5 ዋት፣ ባለ ሦስት ሽቦ ግዙ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ዋት አትክፈሉ።

ሲደርሳችሁ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ፈትኑት። የአዳፕተሩን ቁጥር አንብቡ። ፋኑ ሌዘሩ ሳይበራም እንደሚዞር እዩ። ኃይሉን ከ10 በመቶ ወደ 100 እያሳደጋችሁ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች እንጨት ላይ አቃጥሉ። ጥላቸው ደረጃ በደረጃ ካልጠቆረና ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የትእዛዙ ሽቦ አይሠራም ወይም ቦርዳችሁና ሶፍትዌሩ ከፍተኛውን ቁጥር አልተስማሙበትም። የግርብል የከፍተኛ ኃይል ቁጥር በሆነው $30 ላይ 1000 መሆኑን አይታችሁ ድገሙት። አሁንም ያው ከሆነ ጠቅልላችሁ መልሱት።