ከጅማ ዳርቻ የአሳማ ግልገል መግዛት፦ የአንድ እርባታ ግምገማ

በጅማ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ ስለማይበላ የአሳማ ግልገል የሚሸጥ እርባታ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከከተማዋ ዳርቻ ያገኘሁት ይህ አነስተኛ እርባታ ግን ሰው ሌላ ስላጣ ብቻ የሚሄድበት አይደለም። ስገባ የጠበቅሁት ሽታ አልነበረም፤ ለዚህም ከምስጋናው ገሚሱ የግልገሎቹ ነው። የአሳማ ግልገል በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ መኝታውን ከሚጸዳዳበት ቦታ መለየት ይጀምራል። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቁ የመኝታውን ጥግ በደረቅ ሰጋቱራ ሸፍነው፣ ውሃውን በተቃራኒው በኩል አድርገው፣ የቀረውን ለእንስሳቱ ትተውላቸዋል።

ይበልጥ የረካሁት በወላዶቹ ክፍል ነው። ግልገሎቹ ከተወለዱ ከደቂቃዎች በኋላ ጡት ፍለጋ ይነሣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም እየተጋፉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጡት ይይዛሉ፣ ከዚያ በኋላም እምብዛም አይለውጡም። ወተቱ በአንድ ማጥባት የሚወርደው ለ20 ሰከንድ ያህል ብቻ በመሆኑ ቦታውን የተነጠቀ ያን ጊዜ ሳይጠባ ይቀራል። እናቲቱ ማጉረምረሟን ስታፈጥን ግፊያው ባንዴ ጸጥ አለ፤ አንዲት ቀጫጫ ግልገል ግን ከኋለኛው ጡት ተገፍታ ቀረች። ሠራተኛዋ ቀስ ብላ አንሥታ አስያዘቻትና «የራሷንማ ታውቀዋለች ጋሼ፣ ነጥቀዋት ነው እንጂ» አለችኝ። በእናት ሆድ ሳሉ በሽታ መከላከያ ስለማይተላለፍላቸው እንገሩን በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ማግኘታቸውን ትከታተላለች፤ የብረት ማዕድን (አይረን) መርፌውም በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጣል። ማሞቂያ አምፖል አለ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ነገር ግን አላየሁም፤ በጅማ የክረምት ሌሊት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ጡት የጣሉት ያሉበት ክፍል ግን ቅር አሰኝቶኛል። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ በአፍንጫው መቆፈር የተፈጠረበት እንስሳ የሚቆፍረው ሲያጣ የጓደኛውን ጅራት መንከስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች ለ5 ሰዓት ያህል መስታወት ከለመዱ 8 ወጣት አሳማዎች 7ቱ በመስታወት ብቻ የሚታየውን ምግብ ከግርዶሽ ጀርባ ዞረው እንዳገኙት አሳይተዋል። እንዲህ ለሚያስብ እንስሳ አንድ እቅፍ ጭድ እንኳ መንፈግ ንፍገት ነው። በዚያ ላይ ለሽያጭ ሲያዘጋጁ የተለያዩ እናቶችን ልጆች በአንድ ላይ ይቀላቅላሉ፤ የማይተዋወቁ ግልገሎች ደግሞ ማን እንደሚበልጥ እስኪለይ ይደባደባሉና የአንዳንዶቹ ጆሮ ተቧጭሮ አይቻለሁ።

ዋጋው አልከበደኝም። ገዢ ከአንድ እናት የተወለዱትን ለይተው እንዲሰጡት ቢጠይቅ አይከለክሉትም። የሚያስረክቡት ግን በማዳበሪያ ከረጢት ስለሆነ አየር የሚያስገባ ሳጥን ይዞ መሄድ ይሻላል።