ዙም ወይስ አሮጌው የሩሲያ? አቅርቦ ማሳያ መነጽር (ባይናኩላር) ለምትገዙ

«ጋሼ፣ ዙም ያለው ይሻላል አይደል?»

ከመስቀል ወዲህ ብቻ አራት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ። ሦስቱ ሱሉልታና ገፈርሳ እንግዳ ይዘው ወፍ የሚያሳዩ ልጆች ናቸው፣ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ግማሽ ሰዓት ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። አይሻልም። ዙም ማለት ማጉያውን እየገፉ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ነው። በዚያው ብር አሮጌውን የሩሲያ 8 በ30 ግዙ፤ 8 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ 30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

እኔም ተሞኝቼ ነው የተማርኩት። በ2013 መርካቶ ገብቼ፣ ካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 180 በ100» የሚል ትልቅ ጥቁር መነጽር በ3,800 ብር ገዛሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ የጨረቃን ጉድጓድ ቆጥሮ ይሰጥሃል» አለኝ። የጨረቃን ጉድጓድ ምን ላደርገው እንደፈለግኩ ዛሬም አይገባኝም። በሳምንቱ ሁለት እንግዶች ይዤ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ግድብ ወረድኩ። ገና እየነጋ ነው፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከማዶ ሣር ይግጣል። ማጉያዋን ገፋ ሳደርጋት ዝዩም ሣሩም ጠፋ፤ የሚታየኝ የሚንቀጠቀጥ ጨለማ ነው። እንግዶቹ በራሳቸው መነጽር አይተው ጨረሱ፣ እኔ አስጎብኚው ገና እየፈለግኩ ነበር።

ነገሩ የማካፈል ሂሳብ ነው። የፊቱን ሌንስ ስፋት ለማጉያው ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። 30 ለ8 ሲካፈል 3.75 ሚሊሜትር ነው። 100 ለ180 ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይዘልም፤ በመርፌ ቀዳዳ እንደማየት ነው። እሱም 100 ያሉት እውነት ከሆነ ነው። ቤት ገብቼ በማስመሪያ ስለካው ሌንሱ 65 ሆነ።

በሦስተኛው ወር ደግሞ መነጽሩ ሸውራራ ሆነ። አንዱን ወፍ ሁለት ያደርገዋል፣ አሥር ደቂቃ ካዩበት ራስ ምታት ነው። ያኔ ፒያሳ ይሠራ የነበረ አንድ የካሜራ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ፈትቶ አሳየኝ፦ የግራና የቀኙን ማጉያ እኩል እንዲሄዱ የሚያያይዛቸው ቀጭን የብረት ጥብጣብ ነው፣ እሱ ከላላ አንዱ ዓይን 20 ላይ ሲሆን ሌላው 25 ላይ ይቆማል። ፕሪዝሞቹም፣ ማለትም ውስጡ ብርሃኑን የሚመልሱት መስታወቶች፣ በማጣበቂያ የተለጠፉ ናቸው። «ይሄን እኔ አልነካም፣ ገንዘብህንም አልበላም» ብሎ መለሰልኝ። የማይንቀሳቀስ ነገር አይላላም።

ያው ጠጋኝ ነው የሩሲያውን ያስለመደኝ። በደርግ ጊዜ የገባ፣ ከአንድ ጡረተኛ ቤት የወጣ 8 በ30 በ3,000 ብር አገናኘኝ። ውስጡ ጭጋግ ይዞታል፣ ሽታውም የቁም ሳጥን ነው። ለማጽዳትና ለማስተካከል 700 ብር ተቀበለኝ። ማስተካከያው የፊቱ ሌንስ የተቀመጠበት ቀለበት ነው፤ እሱን እያዞሩ ሁለቱን ዓይን ያገጣጥማሉ። ማጣበቂያ የለ፣ ጥብጣብ የለ። በድምሩ 3,700፣ ከዙሙ በ100 ብር ያነሰ። እስከ ዛሬ ያወጣሁበት ሌላ ወጪ የአንገት ማንጠልጠያ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 150 ሜትር ያህል ስፋት በአንዴ ያሳያል፤ ዝዩ ተነሥቶ ሲበር ትከተሉታላችሁ እንጂ አታሳድዱትም።

ጉድለቱን አልደብቅም። ቀለም ወደ ቢጫ ይወስዳል፣ የዝዩን ክንፍ ሰማያዊነት ትንሽ ያደበዝዛል። ዝናብ አይችልም፤ ሐምሌ ላይ እንጦጦ ይዛችሁት ከወጣችሁ ኮታችሁ ውስጥ ይሁን። የዓይን መነጽር ለምታደርጉም አይመችም፣ ዳር ዳሩ ይቆረጥባችኋል። ደግሞ ወታደራዊው ዓይነት ምስል ማጥሪያው እያንዳንዱ ዓይን ላይ ለብቻው ነው የሚዞረው። ለገፈርሳ ዝይ ምንም አይደል፣ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ለምትዘል ትንሽ ወፍ ግን አያደርስም። መሃሉ ላይ አንድ መዞሪያ ያለውን ምረጡ።

ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበት ዓመት ናቸው፣ 79 ካለ 1979 በፈረንጅ ነው። ከፊት በኩል በስልክ መብራት አብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሌንሱ ሻግቷል፣ ከዋጋው ላይ የጠጋኝ ሂሳብ አስቀንሱ። ከዚያ የሩቅ ምሰሶ አይታችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግለጡ። ምሰሶው ለቅጽበትም ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ሸውራራ ነው።

ኪስ የምትገባዋ «30 በ60» የሚሏት ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። ላይዋ ላይ «126 ሜትር በ1000 ሜትር» ተጽፎባታል። ያ 7 ዲግሪ ያህል ነው፤ በእውነት 30 ጊዜ የምታጎላ ብትሆን፣ ሰባቱ በሠላሳ ተባዝቶ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ማሳየት ነበረባት፣ ማለትም ከጀርባችሁም ጭምር። የታዋቂ ኩባንያ ስም የተለጠፈባት ፎርጅድም ሞልቷል።

ዋጋው እንግዲህ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የድሮውን እርሱት። ያ ዙም አሁን 12,000 ይጠሩበታል፣ የሩሲያው ደህናው 8,500። ውጭ አገር ዘመድ ያለው አዲስ 8 በ42 ያስመጣ፣ ከሩሲያውም እንደሚበልጥ አልክድም። የኒኮን መለስተኛው 130 እስከ 150 ዶላር ነው፤ በዛሬው ምንዛሪ ማባዛቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ግን መነጽር ቦሌ ላይ እንደ ሸሚዝ አይታለፍም፣ የሚያመጣላችሁ ሰው ስለ ፈቃዱ ቀድሞ ይጠይቅ። 10 በ42 አትበሉኝ፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

የእህቴ ልጅ ትናንት ደውሎ፣ ሻጩ የሩሲያውን እስከ 7,500 አውርዶለታል። መዞሪያው ትንሽ ይጠነክራል አለኝ። ቅባቱ ደርቆ ነው፣ ከ7,000 በላይ እንዳትከፍል ብዬዋለሁ።