የጅማ ቤት አሠሪዎች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ልጅ አናግሩት

ሰላም የጅማ ሰዎች። ይህን ምስጋና ለመጻፍ ክረምቱ እስኪያልፍ ነው የጠበቅኩት። የእኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አዲስ ቤት እሱን ሳይቀምስ "ጥሩ ተሠራልኝ" ማለት ድፍረት ነው። አሁን ቀምሷል። ጣሪያው አላፈሰሰም፣ ግድግዳውም አልተሰነጠቀም። ስለዚህ ልመስክር።

በቅድሚያ የማመሰግነው ቤቱን የሠራውን ሰው አይደለም። ሠሪዎቹን ወደ ታች አነሳቸዋለሁ። ይህ ልጅ ኢንጂነር ነው፤ እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የተማረ። ቤት አይሠራም። ሥራው ከአሠሪው ጎን ሆኖ ውሉን ማዘጋጀት፣ ክፍያ ሲደርስ መጥቶ መለካት፣ ከዚያ "ይህን ያህል ይከፈል" ወይም "ገና ነው" ማለት ነው። ስሜን አታውጪ ብሎ ስለለመነኝ አልጻፍኩትም። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ቆጪ በኩል ባለችን ቦታ ላይ ቤት ልንሠራ ስንነሳ ፕላንም ፈቃድም በእጃችን ነበር። የጎደለን ውል ነው። ያነጋገርናቸው ሠሪዎች ሁሉ የተለያየ ነገር ይዘው መጡ። አንዱ "ከነማቴሪያሉ በቁርጥ ዋጋ፣ ቁልፍ አስረክባችኋለሁ" አለ። ሌላው "ዕቃውን እናንተ አቅርቡ፣ እኔ የእጅ ዋጋ ብቻ" አለ። ሌላው ደግሞ "የወጣውን ወጪ ትከፍላላችሁ፣ በላዩ ለእኔ አሥር በመቶ" አለን። ባለቤቴ እንቅልፍ ይሰጣል ብሎ የመጀመሪያውን ወደደ። እኔ ሁለተኛውን። አማቴ ሁሉንም ሌባ ናቸው አሉ።

ከኢንጂነሩ ጋር ያገናኘችኝ እዚሁ ጅማ መርካቶ ከጎኔ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። መጥቶ "ይሄኛው ይሻላል" ይለናል ብዬ ስጠብቅ እሱ በጥያቄ ጀመረ። "እትዬ፣ ገንዘቡ ባንክ የተቀመጠ ነው ወይስ በየጊዜው የሚመጣ? ከቤተሰቡ ሳይት ላይ መዋል የሚችል አለ? መሬቱንስ ቆፍሮ ያየው ሰው አለ?" የእኛ ገንዘብ እንደ ብዙ የጅማ ሰው ቡና ሲሸጥ ነው የሚመጣው። የቀረው ከሱቅና ከእቁብ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሳይት መድረስ ይችላል። መሬቱን የቆፈረ ግን ማንም የለም።

ከዚያ እያንዳንዱን ውል እንደ ሽንኩርት ላጠልን።

ከነማቴሪያሉ በቁርጥ የሚባለው ጥሩ የሚሆነው ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ ሲኖር ነው አለ። "የበሩ ዓይነት፣ የሴራሚኩ መጠን፣ የቆርቆሮው ውፍረት ካልተጻፈ ቁርጡ የሚቆርጠው እርስዎን ነው።" ውሉ ላይ "ጥሩ በር" ይባላል፤ ለእናንተ ጥሩ በር ዋንዛ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ከሱቁ የረከሰው። ሌላው ችግር የዋጋ ንረት ነው። ሠሪው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ስለሚፈራ ከጅምሩ መጠባበቂያ ይጭንባችኋል። ባይጭን ደግሞ ይብሳል። ሠፈራችን ውስጥ በቁርጥ ዋጋ የተፈረመ አንድ ቤት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ፌሮው፣ የመብራቱ ዕቃ፣ የቧንቧው ዕቃ ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ሠሪው ኮለኑን (የአርማታ ምሰሶውን) አቁሞ ጠፋ። ውሉ ላይ ስለ ዋጋ ለውጥ አንድም መስመር የለም። ባለቤቱና ሠሪው እስካሁን በሽማግሌ ናቸው።

ወጪ ሲደመር ፐርሰንት የሚባለውን አልወደደውም። ሠሪው ብዙ ባወጣ ቁጥር ብዙ ያገኛል፤ ታዲያ ለምን ይቆጥባል? የግድ ከሆነ ፐርሰንቱ ቀርቶ የሠሪው ድርሻ የተወሰነ ብር ይሁን፣ ጠቅላላ ወጪውም ጣሪያ ይኑረው አለን። ይህን ያህል ብሎ አለፈው።

ብዙ ጊዜ የወሰደው የእጅ ዋጋው ላይ ነው። ቁጠባ ያለው እዚያ ነው፤ ጣጣውም እዚያው። ዕቃ የምታቀርቡት እናንተ ስለሆናችሁ ሲሚንቶ ቢያልቅ፣ አሸዋ ቢዘገይ፣ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ቢውል የእናንተ ጉዳይ ነው። ብክነቱም የእናንተ ነው። ሠሪው ፌሮ ሲቆርጥ ስለ ቁርጥራጩ አይጨነቅም። ደግሞ የእጅ ዋጋ ሲባል በቀን መክፈል ማለት አይደለም። በቀን ከከፈላችሁ ሥራው ይረዝማል። በልኬት ነው መሆን ያለበት። ፌሮ በኪሎ፣ አርማታ በሜትር ኩብ፣ ብሎኬት መደርደርና ልስን በካሬ።

ታዲያ የትኛውን መረጥን? አንዱንም ሙሉ በሙሉ አልመረጥንም። ልጁን ያደነቅኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ በየጥጉ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጅማ ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ቀይ አፈር፣ ረባዳው ደግሞ ጥቁር አፈር እንደሚበዛበት ሁላችንም እናውቃለን። ጥቁሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእኛ ቦታ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ግማሹ ቀይ፣ የታችኛው ጥግ ግን ጥቁር ሆኖ ተገኘ። "ምን ያህል እንደምንቆፍር ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም" አለ። "በቁርጥ ከተዋዋልን ወይ እርስዎ ይጎዳሉ ወይ ሠሪው። ሠሪው ከተጎዳ ደግሞ ሳይቆፍር ይሞላዋል።" ስለዚህ ከመሬት በታች ያለው ሥራ በሙሉ በልኬት ሆነ። ለቁፋሮ፣ ለድንጋይ ግንብ፣ ለአርማታ ለእያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ ተጻፈ። ከግሬድ ቢም (መሠረቱ ላይ ከሚዞረው የአርማታ ቀበቶ) በላይ ያለው ግን ፕላኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ የእጅ ዋጋው በቁርጥ ሆነ። ዕቃውን በሙሉ እኛ ገዛን፤ ክፍያው ቀጥታ ለባለሱቁ። የጣሪያውና የአልሙኒየሙ ሥራ ብቻ ከነዕቃው ለየባለሙያው ተሰጠ። አንድ ቤት፣ የተለያየ ውል። ባለቤቴ መጀመሪያ "ምን ያወሳስበዋል" ብሎ አጉረመረመ። ጥቁሩ ጥግ ከታሰበው በላይ ሲጠልቅ ግን አንድም ክርክር አልተነሳም። ተለካ፣ ተባዛ፣ ተከፈለ።

ክፍያው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ሠሪዎች የሚያመጡት የክፍያ ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ይከብዳል። መሠረት ላይ ብዙ፣ ማጠናቀቂያ ላይ ትንሽ። እንዲህ ሲሆን ሠሪው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ትርፉን ወስዷል፤ ልስንና ቀለም ሸክም ይሆንበታል። "ሠሪ የሚጠፋው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ የቀረው ገንዘብ ከቀረው ሥራ ሲያንስ ነው" አለኝ። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያውን ቀነሰው፤ ቀሪውን በደረጃ ከፋፈለው። ግሬድ ቢም ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲወጣ፣ ጣሪያ ሲመታ፣ ልስን ሲያልቅ፣ መጨረሻ ደግሞ ርክክብ። ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ ተይዞ ይቀመጣል። ሪቴንሽን የሚሉት ነው። ግማሹ በርክክብ ቀን፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ ይለቀቃል። ያ ዓመት ማለት ለእኛ አንድ ሙሉ ክረምት ማለት ነው። ደረጃዎቹንም ከቡናው ጋር አስማማልን። ከባዱ የዕቃ ግዢ ቡና ተሸጦ ብር እጃችን ሲገባ፣ መሠረቱም በደረቁ ወራት እንዲወጣ።

አንድ ደረጃ "አለቀ" የሚባለው መቼ እንደሆነ እንኳ በጽሁፍ ነው። አርማታ ተሞላ ማለት ብቻ አያስከፍልም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲጠጣ ያላየነውን አርማታ ክፍያ አይፈርምም።

ትንሽ ነገር የምትመስል ግን የጠቀመችኝን ልንገራችሁ። ፌሮ ስትገዙ ሚዛኑን አስሉ። 12 ቁጥር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ነው። ባለ 12 ሜትሩ አንድ ዘንግ ወደ 10.7 ኪሎ ይመጣል። ከዚያ በጣም ካነሰ ፌሮው ቀጭን ነው። ይህን ካስተማረኝ ወዲህ ባለሱቆቹ እኔን ሲያዩ ሚዛን ያወጣሉ።

አሁን ለምን እንደማምነው። መሠረት ስንቆፍር ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጣለና አንዱ ጉድጓድ ተናደ። ድንጋዩ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለቆየ ጉድጓዱ ክፍት ነበር። የእጅ ሥራውን የያዙልን ፎርማን እንደገና የቆፈሩበትን ዋጋ ጠየቁ። እኔ "ዝናብ እኔ አላመጣሁም" አልኩ። ኢንጂነሩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይፈርዳል ብዬ ነበር። እሱ ውሉን ገልጦ "እትዬ፣ ዕቃ በጊዜው ማቅረብ የእርስዎ ግዴታ ነው። ድንጋዩ ቢደርስ ጉድጓዱ ተሞልቶ ነበር። ይክፈሉ" አለኝ። ከፈልኩ። በልስኑ ጊዜ ደግሞ ፎርማኑ የበርና የመስኮቱ ክፍት ቦታ ሳይቀነስ በሙሉ ካሬ ይታሰብ አሉ። ውሉ ይቀነሳል ይላል። ተቀነሰ። ሁለቱም ጊዜ ሜትሩን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ ፎርማኑ ይዘው ነው የለኩት፤ ወረቀቱንም ሁላችን ፈረምን።

በመካከል አማቴ በረንዳው ይስፋ አሉ። ቡና የሚፈላው እዚያ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ይህም ቢሆን ዋጋው ተጽፎ ሳይፈረም አንድ ብሎኬት አልተነሳም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የሕግ ነገርም አለ። ሪቴንሽኑ ከተለቀቀ ሠሪው ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ሠሪው ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው በደንብ መሠራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። ይህን ለፎርማኑ ስነግራቸው "ልጄ፣ እኔ የሠራሁት ከእኔ በላይ ይኖራል" አሉኝ። ጎበዝ ናቸው። እሳቸውንም፣ ግንበኞቹንም፣ ፌራዮውንም፣ ሌሊት ዝናብ ላይ ሲሚንቶ ሲያለብስ ያደረውን ዘበኛችንንም አመሰግናለሁ። ገለቶማ።

የኢንጂነሩን ጉድለት ካልነገርኳችሁ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ብዙ ቤት አይዝም፤ "ሞልቶብኛል" ካለ ሞልቶበታል። ስለ ቀለምና ስለ ማስዋብ ብትጠይቁት ትከሻውን ነው የሚሰብቀው። ዋጋውን የሚያስበው በመጣበት ልክ ነው እንጂ በቤቱ ወጪ ፐርሰንት አይደለም፤ የእኔ ወጪ ሲጨምር የእሱ አይጨምርም። ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ የምታሠሩ ከሆነ ግን የእኛን ዓይነት ውል አይመክራችሁም። ዕቃ የሚቆጣጠር ሰው ስለሌላችሁ ከነማቴሪያሉ፣ በዝርዝር የተጻፈ ቁርጥ ዋጋ ይሻላችኋል ነው የሚለው።

በኅዳር መሠረት ለማውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ደውሉለት። ሲመጣ የአርክቴክቸሩን ብቻ ሳይሆን የስትራክቸሩንም (የፌሮና የአርማታውን) ፕላን ይዛችሁ ጠብቁት። አለዚያ ቡናችሁን ጠጥቶ ይሄዳል።