«ቤዝ አይፈልግም፣ 2 ሴንቲሜትር ይሰጣል» የሚሏችሁን ጂፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቀያሾች፣ የመንገድና የካዳስተር (የመሬት ይዞታ ምዝገባ) ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ደጋግሞ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አለ፦ «ቤዝ አይፈልግም፣ ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ማስተካከያውን በቀጥታ ከሳተላይት እየተቀበለ 2 ሴንቲሜትር ይሰጣል። የሳተላይት አገልግሎቱ ዓመታዊ ክፍያ ለብቻ ነው።» ቤዝ ማለት በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ ለሚለካው መሣሪያ የስህተት ማስተካከያ የሚልክ ሁለተኛ መሣሪያ ነው። ቤዝና ሲም ካርድ አለመፈለጉ እውነት ነው። 2 ሴንቲሜትሩ ውሸት ነው። ዓመታዊ ክፍያው ደግሞ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው።

ከክፍያው ልጀምር። የአንድ ወዳጄ መሥሪያ ቤት ይህን ዕቃ ገዝቶ «እስቲ ፈትሽልን» ብለው አመጡልኝ። ኮንትሮለሩ (መሣሪያው የሚታዘዝበት ስክሪን) ላይ ገብቼ የማስተካከያውን ምንጭ ስመለከት የተጻፈው ጋሊሊዮ ኤች.ኤ.ኤስ. ነው። ይህ የአውሮፓ ኅብረት ጋሊሊዮ በተባሉት የራሱ የጂፒኤስ መሰል ሳተላይቶች ከጥር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው የማስተካከያ አገልግሎት ነው። ማስተካከያውን የሚልኩት ራሳቸው የጋሊሊዮ ሳተላይቶች ናቸው፤ ኢ6 በሚባለው ሲግናል፣ በ1278.75 ሜጋኸርዝ። ይህን ሲግናል የሚቀበል ሪሲቨር ያለው ሰው ለአገልግሎቱ ለማንም አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ኢ6ን ለመክፈት አንድ ጊዜ የኮድ ዋጋ የሚጠይቅ አምራች ሊኖር ይችላል፤ እሱ የዕቃው ዋጋ አካል ነውና አልከራከርም። በየዓመቱ «የሳተላይት ኪራይ» መቀበል ግን ነጻውን ነገር መሸጥ ነው።

ስለ ትክክለኛነቱም የአገልግሎቱ ባለቤቶች 2 ሴንቲሜትር ብለው አያውቁም። ያስቀመጡት ግብ በአግድም ከ20 ሴንቲሜትር፣ በከፍታ ከ40 ሴንቲሜትር ያነሰ ስህተት ነው፤ እሱም ከመቶ ልኬት በ95ቱ። እዚያ ለመድረስም ሪሲቨሩ ከተነሣ በኋላ ደቂቃዎች መጠበቅ አለበት። ዛፍ ሥር ወይም ድልድይ ሥር ገብቶ ሲግናል ከተቋረጠበት ጥበቃው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሻጩ ይህን አንዱንም አይነግራችሁም።

20 ሴንቲሜትር ትንሽ የሚመስለው ካለ ያስበው። 10 ሜትር በሚረዝም የአጥር መስመር ላይ 20 ሴንቲሜትር ፈቀቅ ማለት 2 ካሬ ሜትር የጎረቤት ይዞታ መውሰድ ነው። ከፍታው ደግሞ የባሰ ነው፤ 0.5 በመቶ ተዳፋት ያለው ቦይ በ80 ሜትር ውስጥ የሚወርደው በድምሩ 40 ሴንቲሜትር ነው። ስህተቱ ያንን ሙሉ በሙሉ ሊውጠው ይችላል። ውሃው ወደየት እንደሚሄድ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ያንን ሪሲቨር ኮኦርዲኔቱን በምናውቀው ኮንትሮል ፖይንት ላይ አቆምነው። ስክሪኑ ስህተቱን 0.02 ሜትር ይላል። ከታወቀው ኮኦርዲኔት ጋር ስናስተያየው ግን በአግድም ሩብ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሏል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ሪሲቨሩ ስለ ራሱ ያለው ግምት ስለሆነ ልኬቶቹ ተቀራራቢ እስከሆኑ ድረስ ያሳንሰዋል፤ ሁሉም በአንድነት ወደ ጎን ቢሸሹ አያውቅም። በዚያ ላይ ለልዩነቱ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። የሳተላይት ማስተካከያ የሚሰጠው የዛሬውን ዓለም አቀፍ ኮኦርዲኔት ሲሆን፣ የቆምንበት የአፍሪካ የምድር ቅርፊት ንጣፍ ደግሞ በዓመት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ከ10 ዓመት በፊት የተለካ ኮንትሮል ካላችሁ ሩብ ሜትሩ ከዚሁ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሥራችሁ በአዲንዳን (በቆየው የአገራችን የኮኦርዲኔት ሥርዓት) ከሆነማ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ከዓለም አቀፉ ኮኦርዲኔት ወደ ሥራችሁ ኮኦርዲኔት መቀየሪያ ያላካተተ ዕቃ ለይዞታ ሥራ አይሆንም።

ቤዝ ያለው፣ አርቲኬ የሚባለው የልኬት ዘዴ በአጭር ርቀት እስከ 1 እና 2 ሴንቲሜትር የሚወርደው ቤዙና ሮቨሩ (እየተዘዋወረ የሚለካው ሪሲቨር) አንድ ሰማይ ስለሚያዩ ነው፤ አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የአየር ንጣፍ በሲግናሉ ላይ የሚያመጣው ስህተት ይጠፋፋል። ኤች.ኤ.ኤስ. እኛ ዘንድ የሚልከው የሳተላይቶቹን ምሕዋርና ሰዓት የመሳሰለውን ማስተካከያ እንጂ የአዮኖስፌሩን አይደለም። የአዮኖስፌር ማስተካከያ የተጨመረበት ፈጣኑ ደረጃ የታሰበው ለአውሮፓ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት፤ ከሰዓት በኋላና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት አዮኖስፌሩ ክፉኛ ይረበሻል። አውሮፓ ሜዳ ላይ ተለክቶ ብሮሹር ላይ የታተመ ቁጥር እዚህ ይደገማል ብሎ የሚምል ሻጭ አትመኑ። «ቤይዱም አለው» ካሏችሁም የቤይዱ (የቻይና ሳተላይቶች) ተመሳሳይ ማስተካከያ የታሰበው ለቻይናና ለአካባቢዋ እንደሆነ እወቁ።

ዕቃው ጨርሶ አይረባም አልልም። ለደን ቆጠራ፣ ለእርሻ ማሳ ካርታ፣ ለመስመር ጥናት ጥሩ ነው፤ ለዚያ ሥራ በሚመጥን ዋጋ ከተሸጠ እኔም እመክራለሁ። ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ የሚወርዱ፣ በእርግጥም የሚከፈልባቸው ዓለም አቀፍ አገልግሎቶችም አሉ። ስለዚህ ሻጩን የአገልግሎቱን ስም በፕሮፎርማው ላይ ጻፍ በሉት። ቁጥሩ የ95 በመቶ ነው ወይስ የ50፣ ክፍያው ሲያልቅ መሣሪያው ወደ ስንት ሜትር ይወርዳል፣ እሱንም ያስፍር። «ለመጻፍ አይመችም» ካለ ተዉት።

ሙከራውን በሱ ሱቅ ጣሪያ ላይ አትቀበሉ። እናንተ በምታውቁት ኮንትሮል ላይ ከጠፋበት አስነሡት፣ እስኪረጋ የሚፈጀውን ሰዓት ያዙ፣ አንቴናውን በቆርቆሮ ሸፍናችሁ ሲግናሉን አቋርጡና እንደገና ጠብቁት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እዚያው ነጥብ ላይ ድገሙት። የምታወዳድሩት ከታወቀው ኮኦርዲኔት ጋር እንጂ ከስክሪኑ ቁጥር ጋር አይሁን።

ዓመታዊ ክፍያውን አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የማስተካከያ ምንጩን ገጽ ክፈቱ። ኤች.ኤ.ኤስ. የሚል ካገኛችሁ ፎቶ አንሡት፣ ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ ገንዘባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የወዳጄ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ አድርጎ ጠይቋል።